ሥራ ሳይለቁ ከሲኤንኤ ወደ ነርስነት፦ አሠሪያችሁና ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ አብረው እንዲያስተምሯችሁ

የመጀመሪያው የሥራ ቦታዬ ነርሲንግ ሆም ነበር። የእረፍት ክፍሉ ውስጥ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ጥጉ በእንፋሎት ተጠቅልሏል፣ መሐሉ ላይ የሽሮ ጠብታ ደርቆበታል። ምሳዬን ባሞቅኩ ቁጥር ዓይኔ ያርፍበታል፤ ግን አንብቤው አላውቅም። የእሳት አደጋ ማሳሰቢያ ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ማታ፣ ሺፍት ጨርሼ በመኪናዋ የምታደርሰኝን ልጅ ስጠብቅ አነበብኩት። ለቋሚ ሠራተኞች የትምህርት ክፍያ እንሸፍናለን ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብል እየሠራሁ ለትምህርት ገንዘብ ሳጠራቅም የኖርኩት እዚያው ወረቀት ሥር ቆሜ ነበር።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በሆም ኬር ወይም በግሩፕ ሆም ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው። ተማሩ የሚላችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ አሠሪያችሁና በአቅራቢያችሁ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተጋግዘው እንዲያስተምሯችሁ ምን ምን እንደምታደርጉ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ልዩነቱን በቁጥር እዩት። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው አኃዝ የሲኤንኤ (ሰርተፊኬት ያለው ረዳት ነርስ) መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 39,530 ዶላር ነው። የኤልፒኤን (ከአርኤን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ፈቃድ ያለው ነርስ) 62,340፣ የአርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ) ደግሞ 93,600 ነው። የኤልፒኤን ትምህርት ባብዛኛው አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአርኤን ፕሮግራም ቅድመ ትምህርቶቹን ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በዚያ የሁለት ዓመት (አሶሼት) ዲግሪ የምትቀመጡለት የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስ፣ የአራት ዓመት ተመራቂው የሚቀመጥለት ያው ፈተና ነው።

አሠሪው ለምን ይከፍላል? ሰው ስላጣ ነው። ነርስ ሲጎድልበት ከኤጀንሲ ያመጣል፣ ኤጀንሲው ደግሞ በሰዓት ብዙ ያስከፍለዋል። ኮሌጁም በበኩሉ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ይፈልጋል። ስለዚህ ይዋዋላሉ። ኮሌጁ መምህሩን፣ ሥርዓተ ትምህርቱንና ዲግሪውን ይሰጣል። አሠሪው ገንዘቡን፣ የልምምድ ቦታውንና የሥራ ሰዓት ማስተካከያውን ያመጣል። አንዳንድ ቦታ መምህሩ ራሱ የሥራ ቦታችሁ ድረስ መጥቶ ያስተምራል። እናንተ ለሁለቱም ትመቻላችሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ፣ ሽታውን ለምዳችሁታል፣ በመጀመሪያው ሳምንት አትሸሹም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚያግደው ገንዘብ ይመስለዋል። ገንዘቡ ከፈለጉት ይገኛል። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ አራተኛው ላይ ቆም በሉ።

1. ወረቀታችሁን አሰባስቡ

አንደኛ ያደረግኩት ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ስለሆነ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቀ ሰው በሩ ክፍት ነው። አገር ቤት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ግን የወሰዳችሁት ኮርስ እዚህ እንዲቆጠርላችሁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋችኋል። ሻንጣችሁ ውስጥ ያለው የተማሪ ኮፒ አይሠራም። እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ያሉት ማስረጃ ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱ ከተቋሙ በቀጥታ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉ ሳይከፈል ሬጅስትራሩ አያንቀሳቅሰውም። አገር ቤት ላለ ታማኝ ሰው ውክልና ስጡ፣ ቀሪ ዕዳችሁን ያጣራላችሁ፣ ክፈሉና ላኩት። ለውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጋ ጉዳይ ስለሚኖራችሁ አንድ የእረፍት ቀን መድቡለት።

አገር ቤት ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን የነበራችሁ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። አሥር ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል የሠራ ነርስ እዚህ የአናቶሚ አንድ ክፍል ውስጥ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ አይቻለሁ። ማንም ስላልነገረው ነው። መጀመሪያ የስቴታችሁን የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። የውጭ ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ፤ ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት የሚባለው ዋነኛው ነው። የጎደላችሁ አንድ ሁለት ኮርስ ከሆነ እሱን ብቻ ኮሌጅ ገብታችሁ ማሟላት ትችሉ እንደሆነ ቦርዱን ጠይቁ።

ስለ እንግሊዝኛው አንድ ነገር ልጨምር። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት ነበሩ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ስለ ኮሌጁ ስነግራቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ልቀመጥ? እንግሊዝኛውስ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ በየቀኑ የአሥር ሰው ቻርት ይጽፋሉ፣ ለነርሷ ሪፖርት ይሰጣሉ። እንግሊዝኛዎ እርስዎ ከሚያስቡት ይሻላል» አልኳቸው። የምደባ ፈተናውን አብረን ሄድን። አንድ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል ብቻ ነው የጎደላቸው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጨረሱት። ዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ ደግሞ አይቤስት ስለሚባለው ፕሮግራም ጠይቁ። በ2004 በሙከራ የተጀመረ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን ይገባሉ፤ አንዱ ሙያውን፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ያስተምራል። እንግሊዝኛ ተምራችሁ እስክትጨርሱ ሙያው አይጠብቃችሁም። ሁለቱን አብራችሁ ታስኬዳላችሁ።

2. ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ጋ ግቡ፣ ስትገቡም ጥያቄ ይዛችሁ

«የትምህርት ድጋፍ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብቻ ብትጠይቁ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ። በዓመት እስከ ስንት ትከፍላላችሁ? ስንት ወር ከሠራሁ በኋላ? ለቋሚ ብቻ ነው ወይስ ለፓርት ታይምም? ለቅድመ ትምህርቶቹስ ትከፍላላችሁ ወይስ ነርሲንጉ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ብቻ? ቀድማችሁ ለኮሌጁ ትከፍላላችሁ ወይስ እኔ ከፍዬ ውጤት ሳመጣ ትመልሱልኛላችሁ? ስንት ውጤት ማምጣት አለብኝ? ከምረቃ በኋላ ስንት ጊዜ እዚህ የመሥራት ግዴታ አለብኝ? ከየትኛው ኮሌጅ ጋር ውል አላችሁ?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ውል ያለበት ኮሌጅ ለዚያ አሠሪ ሠራተኞች ቦታ ይዞ ሊያስቀምጥ ይችላል። የነርሲንግ ፕሮግራም ወረፋ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የአንድ ወንበርን ዋጋ ያውቃል።

የእኛ ሰው በተደጋጋሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁለት ቦታ ፒአርኤን፣ ማለትም ሲፈልጉን ብቻ እየተጠራን፣ እንሠራለን። በሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስኬጁሉም በእጃችን ነው። ግን ፒአርኤንና የኤጀንሲ ሠራተኛ ባብዛኛው የትምህርት ድጋፍ አያገኝም። ለመማር ከወሰናችሁ ከሁለቱ አንዱን ቋሚ አድርጉት። በሰዓት ሁለት ዶላር የቀነሰባችሁ ቢመስልም በትምህርት ክፍያና በኢንሹራንስ ይመለሳል። ቋሚ የሆናችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ የጥበቃ ጊዜው ከዚያ ቀን ነው የሚቆጠረው።

ከዓመታዊው ጣሪያ ጋር በተያያዘ 5,250 ዶላር የሚል ቁጥር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ከታክስ ሕጉ የመጣ ነው። አሠሪያችሁ በደንቡ መሠረት በዓመት እስከዚያ ድረስ ለትምህርታችሁ ቢከፍል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፣ ታክስም አይቆረጥበትም። ስለዚህ ብዙ አሠሪዎች ጣሪያቸውን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ሕጉ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የበልጉ ሴሚስተር ክፍያ ከጃንዋሪ በኋላ ከዋለ በአዲሱ ዓመት ሒሳብ ይያዛል ማለት ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ ደንብም እንዲሁ መቁጠሩን አረጋግጡና ኮርሶቻችሁን በዚያ አከፋፍሉ።

ገና ሲኤንኤ ያልሆናችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም በረዳት ነርስነት ቀጥሯችሁ ወይም የቅጥር ደብዳቤ ሰጥቷችሁ ስልጠናውን ከጀመራችሁ፣ በፌደራል ደንብ ለስልጠናውም ለመጽሐፉም ሊያስከፍላችሁ አይችልም። በራሳችሁ ገንዘብ ተምራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠራችሁም ስቴቱ የወጪውን ተመጣጣኝ ክፍል የሚመልስበት መንገድ ማዘጋጀት አለበት። ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የፌደራሉ ዝቅተኛ የስልጠና ጊዜ 75 ሰዓት ነው፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ።

እኔ የከፈልኩት ዋጋም አለ። የመጀመሪያውን ኮርስ ተመዝግቤ፣ ከፍዬ፣ ሁለት ሳምንት ከተማርኩ በኋላ ነው ቅጹን ያስገባሁት። «ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ ነበረበት» ተባልኩ። ሙሉው ክፍያ ከኪሴ ሄደ። ቅጹን ፈርመው እስኪመልሱላችሁ ድረስ ክፍል አትግቡ።

3. የሌላውንም ገንዘብ አሳዱ

ፋፍሳን፣ የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጹን፣ በየዓመቱ ሙሉ። ነፃ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይችላል፤ በዲቪ የመጣችሁም እንዲሁ። በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ፔል ግራንት (የፌደራል የትምህርት እርዳታ) 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። ያኔ ደብል በደብል ስትሠሩ ከነበረና አሁን ለትምህርት ብላችሁ ሰዓት ከቀነሳችሁ፣ የኮሌጁን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገቢያችሁ መቀነሱን አሳይታችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህ እንደሚቻል አያውቅም። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔልን ከ8 ሳምንት አንስቶ 15 ሳምንት ላልሞላቸው የጸደቁ አጫጭር የሙያ ስልጠናዎችም ከፍቶታል።

ስቴቶችም የራሳቸው አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋስት ፎርዋርድ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ስልጠናውን የጨረሰ የስቴቱ ነዋሪ የክፍያውን ሲሶ ብቻ ይከፍላል። በ2021 የተጀመረው ጂ ስሪ ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው የጤናን ጨምሮ የተመረጡ ሙያዎችን የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የሕክምና ትምህርቱን የሚሰጠው ስፕሪንግፊልድ ባለው ካምፓሱ ነው። ሜሪላንድ ላላችሁ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጤና ትምህርት ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ላይ ነው።

ፔይ ቼካችሁ ላይ የዩኒየን ክፍያ ይቆረጣል? እንግዲያው ስልክ አንሱና ዩኒየኑን ጠይቁ። አንዳንዶቹ ዩኒየኖች ከአሠሪዎች ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩት የስልጠና ፈንድ አላቸው። የኒው ዮርኩ 11 99 ኤስ ኢ አይ ዩ ፈንድ ከ1969፣ የፊላደልፊያው 11 99 ሲ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ አለ። አሠሪው በየክፍያው ለፈንዱ ያዋጣል፣ ፈንዱ ከኮሌጆች ጋር ይዋዋላል። ስንት ሰው አለ ለዓመታት እየተቆረጠበት አንድም ቀን ያልጠየቀ።

አሠሪያችሁ ውጤት ካመጣችሁ በኋላ የሚመልስ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፍል ኪስ ያስፈልጋል። ክሬዲት ካርድ ላይ አትጫኑት። የኮሌጁ የክፍፍል ክፍያ አለ፤ በየወሩ ትከፍላላችሁ። እኔ ያደረግኩት ግን እቁብ ነው። ሰብሳቢውን አስቀድሜ ለምኜ ዕጣዬን ለኦገስት አደረግኩት፣ ፎል ሴሚስተር የሚከፈልበት ጊዜ ነውና። በጃንዋሪ አሠሪዬ ሲመልስልኝ ያንኑ ለቀጣዩ ሴሚስተር አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ራሱን እየተካ ሄደ።

4. ሰዓቱን በጽሑፍ ያዙ

እዚህ ነው ቆም በሉ ያልኳችሁ።

ነርሲንግ ከመግባታችሁ በፊት ያሉት ኮርሶች ማታና ቅዳሜ ይገኛሉ፣ አንዳንዶቹም ኦንላይን ናቸው። የላብራቶሪ ክፍል (ላብ) ያላቸው ግን በአካል መቅረብን ይጠይቃሉ። ነርሲንጉ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ክሊኒካል፣ ማለትም ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚደረግ ልምምድ፣ አለ። ክሊኒካል ጠዋት ይጀምራል፣ ሙሉ ቀን ይይዛል፣ ቀኑን የምትመርጡትም እናንተ አይደላችሁም። ሁለትና ሦስት ቀን መቅረት ከፕሮግራሙ ሊያስወጣ ይችላል። የእኛ ሰው ትምህርት የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ፈተና ወድቆ አይደለም። ስኬጁል ተጋጭቶበት ነው።

ስለዚህ ሜኔጀራችሁ ጋ ስትሄዱ ችግር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የኮሌጁን የሴሚስተር ሰሌዳ አትሙ። መቅረት የማትችሉባቸውን ቀኖች በቀለም ቀቡ። ከጎኑ እናንተ ልትሠሩ የምትችሉትን ሺፍት ጻፉ፦ ለምሳሌ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የ12 ሰዓት ሺፍት፣ ወይም ቋሚ የሌሊት። ሜኔጀር የሚጨነቀው በቅዳሜና እሑድ ሰው ማጣት ነው። ያንን ቀዳዳ የሚሸፍን ሰው ሲመጣለት ፊቱ ይፈታል። ከንግግሩ በኋላ በዚያው ዕለት አጭር ኢሜይል ጻፉለት፦ ዛሬ እንደተስማማነው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ አልመደብም፣ በምትኩ እነዚህን ሺፍቶች እሠራለሁ፣ አመሰግናለሁ። ለኤች አርም ኮፒ አድርጉ።

አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። እኔ በቃል ተማምኜ ነበር። ጥሩ ሜኔጀር ነበረች፣ «ማክሰኞን እርሺው፣ የአንቺ ነው» አለችኝ። በኦክቶበር ሥራ ለቀቀች። የመጣው ሰው ምንም አያውቅም፣ የሚያሳየኝ ወረቀት አምጪ አለኝ። ወረቀት የለኝም። ሁለት ላብ አመለጠኝ፣ ሦስተኛው ቢጨመር ኮርሱ ይበላሽ ነበር። በሺፍት ልውውጥ ያዳነችኝ ያቺው በመኪና የምታደርሰኝ ልጅ ናት። አሁንም ሳስበው ልቤ ይደነግጣል።

የአሠሪውና የኮሌጁ ውል የጠነከረበት ቦታ ደግሞ የተከፈለ የጥናት ሰዓት ይሰጣል። 36 ሰዓት ከፍሎ 24 የሚያሠራ ማለት ነው፣ ወይም በዚያው መንፈስ ያለ ሌላ ቁጥር። በወረቀት ላይ ባይኖርም ጠይቁ። ቢያንስ ሙሉ ኢንሹራንስ ሳይነካባችሁ ሰዓት መቀነስ የሚቻልበትን ዝቅተኛ ቁጥር እወቁ።

5. በአንድ ኮርስ ጀምሩ

ጉልበት አለኝ ብላችሁ አናቶሚንና ማይክሮባዮሎጂን ባንድ ሴሚስተር ከሙሉ ሥራ ጋር አትያዙ። የነርሲንግ መግቢያው ፉክክር ነው፤ የሚታየውም የሳይንሱ ውጤት ነው። አንድ ጥሩ ውጤት ከሁለት ደካማ ይበልጣል። ብዙ ኮሌጆች የሳይንስ ኮርስ ዕድሜ ስለሚገድቡ ግን ጀምራችሁ ለረጅም ጊዜ አታቋርጡ። መግቢያ ፈተናው ቲስ ወይም ሄሲ ነው። ቲስ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አለው። ኮሌጃችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታጣሩ መጽሐፍ አትግዙ።

ትምህርቱ ከሥራችሁ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ደስ ይላል። አናቶሚ ሁለት ላይ ስለ ልብ ድካም ስንማር መምህሩ ስለ ኤዲማ (ውሃ ቋጥሮ ማበጥ) ያስረዳል። አጠገቤ ያሉት ልጆች ይጽፋሉ። እኔ እጄ ላይ ነው የመጣብኝ። ማለዳ ካልሲ የማደርግላቸው አዛውንት ነበሩ፤ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ አይመለስም፣ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ይቀራል። ካልሲው ከትናንት ይልቅ ሲጠብቅ ለነርሷ እናገር ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ያን ቀን አወቅኩ። እናንተም እንዲህ የምታውቁት ብዙ ነገር አለ። ማታ ስታጠኑ ያን ቀን ያያችሁትን ታካሚ አስቡ፣ መጽሐፉ ይከፈትላችኋል። የታካሚውን ስምና ክፍል ቁጥር ግን ደብተራችሁ ላይ እንዳትጽፉ።

6. ፕሮግራም ከሌለ እናንተ አስጀምሩ

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ብቻችሁን አትሂዱ። መማር የሚፈልጉ ስምንት አሥር ሰዎች ፈልጉ፤ ሐበሻ ብቻ አይሁኑ፣ ጋናዊም ፊሊፒናዊም ኤልሳልቫዶራዊም ይኑርበት። በአንድ ገጽ ላይ ስማቸውን፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ምን መማር እንደሚፈልጉና የትኛው ቀን እንደሚመቻቸው ጻፉ።

ከዚያ ኮሌጁ ጋ ሂዱ። መደበኛውን የምዝገባ መስኮት ተዉት። የወርክፎርስ ዲቨሎፕመንት ክፍልን ጠይቁ። የዚያ ክፍል ሥራው ከአሠሪዎች ጋር መዋዋል ነው። ያንን ወረቀት ስታሳዩአቸው ለአስተዳዳሪያችሁ ስልክ የሚደውሉት እነሱ ይሆናሉ። ይህን ሥራ ያውቁበታል። ከ2011 እስከ 2014 በነበሩት ዙሮች የፌደራል መንግሥት ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሥራ ስልጠና ሰጥቶ ነበር፤ ከአሠሪ ጋር መሥራት የብዙዎቹ ልማድ ነው።

አስተዳዳሪውን የሚያሳምነው ግን ገንዘብ ነውና ይህን ንገሩት። በ2014 የወጣው የፌደራል የሠራተኛ ስልጠና ሕግ የአካባቢ የሠራተኛ ስልጠና ቦርዶች ከአዋቂዎችና ከሥራ ከተፈናቀሉ ሰዎች በጀታቸው እስከ 20 በመቶ ያለውን አሁን በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛን ለማሠልጠን እንዲያውሉት ይፈቅዳል። አሠሪው የሚያዋጣው በሠራተኛው ብዛት ይለያያል። እስከ 50 ሠራተኛ ካለው ቢያንስ 10 በመቶ፣ ከ51 እስከ 100 ካለው 25 በመቶ፣ ከ100 በላይ ከሆነ 50 በመቶ። ሠራተኛው ክፍል በተቀመጠበት ሰዓት የሚከፈለው ደመወዝም እንደ መዋጮ ሊቆጠርለት ይችላል። በአብዛኛው ሠራተኛው እዚያ ቤት ስድስት ወር የሠራ መሆን አለበት። በአቅራቢያችሁ ያለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር (ሥራ ፈላጊን የሚረዳ ቢሮ) ቦርዱ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው መንገድ የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም እየሠሩ መማር፣ ነው። በመደበኛው መልኩ ቢያንስ 2,000 ሰዓት በሥራ ላይ ስልጠና አለው፣ በዓመት 144 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይመከራል። ደሞዙ ችሎታ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር መሆን አለበት። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነው፤ እየተማራችሁ ይጨመርላችኋል እንጂ እስክትመረቁ አትጠብቁም።

የሆም ኬር ኤጀንሲና የግሩፕ ሆም ባለቤት የሆናችሁ ወገኖች፣ ይህ አንቀጽ የእናንተም ነው። ዲሲ አካባቢ፣ ሚኒሶታና ሲያትል ብዙዎቻችሁ አላችሁ። ሠራተኛችሁ ከ50 በታች ከሆነ የምትጠየቁት መዋጮ ከአንድ ዐሥረኛ ሊጀምር ይችላል። ሠራተኛ በየሦስት ወሩ እየለቀቀባችሁ አዲስ ከማሠልጠን ይልቅ ያለውን አንድ ደረጃ ማሳደግ ይሻላችኋል። ሠራተኞቻችሁ እህትና ወንድም ብለው ነው የሚጠሯችሁ፤ በዚያው ልክ አስቡላቸው።

7. ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ

አሠሪ ከከፈለ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንድትሠሩለት መጠየቁ አግባብ ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። በመሐል ብለቅ ሙሉውን ነው የምመልሰው ወይስ የቀረውን ብቻ? የግዴታው ጊዜ ከመቼ ይቆጠራል፣ ከምረቃ ነው የነርስነት ፈቃድ ከማገኝበት ቀን? እነሱ ቢያሰናብቱኝ ወይም ሰዓቴን ቢቀንሱብኝስ? ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ብዛወር ይቆጠርልኛል? ብታመም፣ ብወልድ? ከተከፈለላችሁ ትምህርት በላይ የሚያስከፍል የቅጣት ገንዘብ ካለበት አትፈርሙ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። በአካባቢያችሁ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፣ ዩኒየን ካላችሁም እሱ ያነብላችኋል። እዚያው ቆማችሁ እንድትፈርሙ ቢያጣድፏችሁ «ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ። ነውር የለውም።

8. ኤንክሌክሱን ካለፋችሁ በኋላ

አዲሱ ደመወዛችሁ የሚጀምርበት ቀን በጽሑፍ ይኑር። ፈቃዳችሁ የስቴቱ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በወጣ ቀን ገጹን አትማችሁ ለኤች አርም ለሜኔጀራችሁም በኢሜይል ላኩ፤ የተላከበት ሰዓት ይመዘገባል። እኔ እነሱ ያዩታል ብዬ ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት በነርስ ኃላፊነት፣ በሲኤንኤ ደመወዝ ሠራሁ። የኋላ ክፍያው የተመለሰልኝ የሦስቱን ሳምንት ስኬጁልና የመድኃኒት አሰጣጥ ምድቤን ይዤ ሁለት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ማታ ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት ኢሜይሉ ይሂድ።